አብርሃ ደቦጭ፡- የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ሙከራና የተከፈለበት ዋጋ

በየዓመቱ የካቲት 12 ቀን በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ በሚገኘው የሰማዕታት ሐውልት ሥር የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል። ዕለቱ በፋሺስት ኢጣሊያ ወታደሮችና ሸሚዝ ለባሾች የተጨፈጨፉ የመዲናዋ ነዋሪዎች የሚታሰቡበት ነው። የዚህ ዕለት ታሪክ ሲነሣ የሁለት ወጣቶች ስም አብሮ ይነሣል፤ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም። ይህ ጽሑፍ የአብርሃን የሕይወት ጉዞ፣ ከጓደኛው ጋር ያደረገውን የግድያ ሙከራና ሙከራው ያስከተለውን ውጤት በአጭሩ ያቀርባል።

ትውልድና ትምህርት

አብርሃ ደቦጭ ትውልዱ ኤርትራ ነው። በዚያን ጊዜ ኤርትራ በኢጣሊያ ቅኝ አገዛዝ ሥር ትገኝ ስለነበር፣ እንደ እርሱ ያሉ በርካታ ወጣቶች የተሻለ ትምህርትና ነፃ ኑሮ ፍለጋ መረብን ተሻግረው ወደ አዲስ አበባ ይመጡ ነበር። የኢጣሊያ አስተዳደር ለአገሬው ተወላጅ የሚሰጠው ትምህርት ከጥቂት ክፍሎች የማያልፍ፣ የሥራ ዕድሉም ከአስተርጓሚነት፣ ከተላላኪነትና ከወታደርነት ብዙም የማይዘል ነበርና ነው። አብርሃ በአዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት ቀስሟል፤ የጣሊያንኛ ቋንቋ ችሎታውም ኋላ ለሥራው መግቢያ በር ሆኖለታል። የትውልድ አገሩ ልጅ የሆነውን ሞገስ አስገዶምን ወዳጅ ያደረገውም በዚችው ከተማ ነው።

የወረራው የመጀመሪያ ዓመት

የኢጣሊያ ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያዘ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ማርሻል ሮዶልፎ ግራዚያኒ የኢጣሊያ ምሥራቅ አፍሪካ እንደራሴ ሆኖ ተሾመ። ግራዚያኒ ቀደም ሲል በሊቢያ የሕዝቡን የአርበኝነት ተጋድሎ በጭካኔ የደመሰሰና አዛውንቱ የሊቢያ አርበኛ ዑመር አል ሙኽታር በስቅላት ሲገደሉ የቦታው ሹም የነበረ፣ በኢትዮጵያ ደቡብ ግንባርም ጦሩን እየመራ በመርዝ ጋዝ የተጠቀመ ሰው ነው።

የመዲናዋ መያዝ የአገሪቱን መያዝ አላስከተለም። አርበኞች በሐምሌ ወር 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ጥቃት ሰነዘሩ፤ ጥቃቱ ባይሳካም በማግሥቱ ሐምሌ 22 ቀን አቡነ ጴጥሮስ በአደባባይ በጥይት ተደብድበው ሰማዕትነትን ተቀበሉ። በታኅሣሥ ወር 1929 ዓ.ም. የራስ ካሣ ልጆች አበራና አስፋ ወሰን በምሕረት ቃል ተታለው እጃቸውን ከሰጡ በኋላ በፍቼ ተገደሉ። እነዚህ ድርጊቶች ለከተማው ወጣቶች አንድ ነገር አስገነዘቧቸው፤ ለወራሪው መገዛት ሕይወትን የሚያተርፍ መንገድ አለመሆኑን።

በዚህ ወቅት አብርሃ በኢጣሊያ አስተዳደር የፖለቲካ ቢሮ ውስጥ በአስተርጓሚነት ይሠራ ነበር። ሥራው ወደ ሹማምንቱ ያቀርበዋል፤ የሚወጡትን ትእዛዞችና በሕዝቡ ላይ የሚታሰበውን ለማወቅም ከማንም የተሻለ ዕድል ይሰጠዋል። ወራሪዎቹ ከኤርትራ የመጡትን ሠራተኞቻቸውን እንደ ታማኝ አገልጋዮች ይቆጥሩ ነበር፤ ይሁን እንጂ በክብርና በመብት ከማናቸውም ነጭ በታች ያደርጓቸው ነበር። አብርሃ የአገልጋይነቱን መታመኛ ለሌላ ዓላማ አዋለው።

ዝግጅቱ

አብርሃና ሞገስ የእጅ ቦምቦች አሰባስበው አመቺ ጊዜ ይጠብቁ ጀመር። በዕቅዱ ውስጥ ሁለቱ ብቻቸውን አልነበሩም። የታክሲ ባለንብረት የነበረው ስምዖን አደፍርስ ከጥቃቱ በኋላ ከከተማ በመኪናው ሊያወጣቸው ተስማምቶ ነበር። እንግሊዛዊው የታሪክ ተመራማሪ ኢያን ካምቤል በጉዳዩ ላይ ባደረገው ሰፊ ጥናት፣ ከሁለቱ ወጣቶች ጀርባ የሚያውቁና የሚደግፉ ሌሎች ሰዎችም እንደነበሩ አመልክቷል።

አብርሃ ባለቤቱን ታደሰች እስጢፋኖስን ከጥቃቱ አስቀድሞ ወደ ደብረ ሊባኖስ ገዳም ላከ። ቤቱንም ሲለቅ የኢጣሊያን ሰንደቅ ዓላማ ወለሉ ላይ ዘርግቶ በሳንጃ ወግቶ እንደተወው፣ ከሳንጃውም ላይ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ እንዳሰረ ይነገራል። ወደ አገልጋይነቱ የሚመለስበትን መንገድ በገዛ እጁ መዝጋቱ ነበር።

ዕለተ ዓርብ

የኢጣሊያ አልጋ ወራሽ ወንድ ልጅ በመውለዱ ምክንያት ግራዚያኒ ለአዲስ አበባ ድሆች ምጽዋት እንደሚሰጥ አስነገረ። ቦታው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ማለትም የዛሬው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ግቢ ነበር። ዓርብ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ከማለዳ ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ አቅመ ደካሞች፣ አካል ጉዳተኞችና አረጋውያን በግቢው ተሰበሰቡ። በቤተ መንግሥቱ ደረጃ ላይ ግራዚያኒ፣ ጄኔራሎቹ፣ የፋሺስት ፓርቲ ሹማምንትና ግብፃዊው ሊቀ ጳጳስ አቡነ ቄርሎስ ነበሩ።

ከቀትር በፊት፣ ሥነ ሥርዓቱ በመካሄድ ላይ ሳለ፣ ቦምቦች በተከታታይ ተወረወሩ። ግራዚያኒ በብዙ ስንጥሮች ተመትቶ ወደቀ፤ የአየር ኃይሉ ጄኔራል ሊዮታ ክፉኛ ቆሰለ፤ አቡነ ቄርሎስም ከተጎጂዎቹ መካከል ነበሩ። ነገር ግን የጥቃቱ ዋና ዒላማ አልሞተም። ግራዚያኒ ወደ ሆስፒታል ተወስዶ ሕይወቱ ተረፈች። አብርሃና ሞገስ በግርግሩ መካከል ከግቢው ወጡ፤ ስምዖንም በመኪናው ወደ ፍቼ አቅጣጫ ይዟቸው ሄደ።

ሦስቱ ቀናት

በግቢው የነበሩት ካራቢኒየሪዎችና ወታደሮች ምጽዋት ሊቀበል በመጣው ሕዝብ ላይ ተኩስ ከፈቱ። መውጫው በር በመዘጋቱ ብዙዎች በዚያው አለቁ። ከሰዓት በኋላ የፋሺስት ፓርቲ የአዲስ አበባ ኃላፊ ጉይዶ ኮርቴዜ ለሸሚዝ ለባሾችና ለኢጣሊያውያን ሠራተኞች በከተማው ነዋሪ ላይ እንደፈለጉ እንዲያደርጉ ፈቃድ ሰጠ። ለሦስት ቀናት ሰዎች በጥይት፣ በጩቤ፣ በአካፋና በዱላ ተገደሉ። የሣር ክዳን ቤቶች ቤንዚን እየተርከፈከፈባቸው ነዋሪዎቻቸው በውስጣቸው እንዳሉ ተቃጠሉ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን እንኳ እሳት ተለቀቀባት።

የኢትዮጵያ መንግሥት ከነፃነት በኋላ ባቀረበው ሰነድ የሟቾችን ቁጥር 30,000 ብሎ መዝግቧል። የካምቤል ጥናት ወደ 19,000 ገደማ ያደርሰዋል። ይህ ዝቅተኛው አኃዝ እንኳ በጊዜው ከነበረው የከተማው ሕዝብ አምስት እጅ አንዱን የሚጠጋ ነው።

እልቂቱ ከውጭ አገር ሰዎች ዓይን አልተሰወረም። በከተማው የነበሩ የውጭ መንግሥታት መልእክተኞች፣ ከእነዚህም መካከል አሜሪካዊው ኮርኔሊየስ ኤንገርት፣ ያዩትንና የሰሙትን ለመንግሥቶቻቸው በቴሌግራም አስታውቀዋል። ሐንጋሪያዊው ሐኪም ላዲስላስ ሳቫም የዓይን ምስክርነቱን ጽፎ ሲልቪያ ፓንክኸርስት በእንግሊዝ አገር ታሳትመው በነበረው ጋዜጣ ላይ አውጥቷል። ዛሬ ስለ ሦስቱ ቀናት የምናውቀው ብዙው ነገር በእነዚህ ሰዎች ጽሑፍና ከሞት በተረፉ አባቶችና እናቶች ቃል የተጠበቀ ነው።

ከመዲናዋ እስከ ደብረ ሊባኖስ

ከጭፍጨፋው በኋላ የተማሩ ወጣቶች ተለይተው ይታደኑ ጀመር። የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ልጆች ዮሴፍና ቢንያም ከተገደሉት መካከል ነበሩ። በአገር ቤት ደግሞ ባሕታውያን፣ አዝማሪዎችና ጠንቋዮች ወሬ ያዛምታሉ ተብለው በትእዛዝ ተገደሉ። በመቶ የሚቆጠሩ መኳንንትና ቤተሰቦቻቸው ወደ ኢጣሊያ ተጋዙ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሌሎች በሶማሊያ ዳናኔና በቀይ ባሕር ኖኩራ እስር ቤቶች ተጣሉ፤ ብዙዎቹም አልተመለሱም። ስምዖን አደፍርስ ተይዞ ከደረሰበት ስቃይ የተነሣ በእስር ሳለ ሞተ።

አብርሃና ሞገስ በደብረ ሊባኖስ ለአጭር ጊዜ ተጠልለው ነበርና፣ ግራዚያኒ ገዳሙን በሙሉ ተጠያቂ አደረገ። የጄኔራል ፒዬትሮ ማሌቲ ጦር ወደ ገዳሙ የደረሰው የአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል በሚከበርበት በግንቦት ወር ሲሆን፣ በበዓሉ ማግሥት ግንቦት 13 ቀን 1929 ዓ.ም. መነኮሳቱ በጭነት መኪና እየተወሰዱ በጥይት ተረሸኑ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ዲያቆናቱም በደብረ ብርሃን አካባቢ ተገደሉ። ራሳቸው ኢጣሊያውያን ለአለቆቻቸው ያስታወቁት ቁጥር 449 ነው፤ ኋላ የተደረገው ጥናት ግን የሟቾቹ ብዛት ከዚህ ከእጥፍ በላይ እንደሆነ ያስረዳል።

የሁለቱ ወጣቶች ፍጻሜ

አብርሃና ሞገስ ከደብረ ሊባኖስ ወጥተው ከሸዋ አርበኞች ጋር ተቀላቀሉ። በኋላም ወደ ሱዳን ለመሻገር ጉዞ ጀመሩ። ሆኖም ድንበሩ ከመድረሳቸው በፊት፣ እንግዳ ሰው በጥርጣሬ በሚታይበት በዚያ የጦርነት ዘመን፣ ማንነታቸውን ባላወቁ የአካባቢው ሰዎች እጅ ተገደሉ። ጠላት በየስፍራው አሳዶ ያልያዛቸው ሁለቱ ወጣቶች የአገራቸውን ነፃነት ሳያዩ ቀሩ።

የሙከራው ውጤት እንዴት ይመዘናል?

የቦምቡ ጥቃት የታለመለትን ሰው አልገደለም። ዋጋውን የከፈሉት አብዛኞቹ ስለ ዕቅዱ አንዳች የማያውቁ ሰዎች ናቸው፤ ምጽዋት ፈልገው የመጡ ድሆች፣ በቤታቸው የነበሩ እናቶችና ሕፃናት፣ በጸሎት ላይ የነበሩ መነኮሳት። ይህን እውነት ወደ ጎን መተው ለሰማዕታቱ ክብር አይሆንም። የጭፍጨፋው ተጠያቂነት ግን ቦምብ በወረወሩት ላይ ሳይሆን ባልታጠቀ ሕዝብ ላይ መሣሪያ ባነሡትና ፈቃዱን በሰጡት ላይ የሚያርፍ ነው።

ጭካኔው ሕዝቡን ያስፈራል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ሆነ። በ1929 ዓ.ም. ክረምት በጎጃምና በሌሎችም ቦታዎች ዐመፅ ተቀሰቀሰ፤ እስከዚያ ያመነቱ ብዙዎች ወደ ዱር ገቡ። በ1930 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ግራዚያኒ ከእንደራሴነቱ ተነሥቶ በአኦስታው መስፍን ተተካ። አርበኞች ተጋድሏቸውን እስከ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. የነፃነት ዕለት ቀጠሉ።

ግራዚያኒ በኢትዮጵያ ላይ ለፈጸመው ወንጀል በየትኛውም ፍርድ ቤት አልቀረበም። በ1942 ዓ.ም. በኢጣሊያ የተፈረደበት የ19 ዓመት እስራት ከጀርመን ጋር በመተባበሩ ምክንያት ሲሆን፣ እርሱንም ሳይፈጽም በጥቂት ወራት ውስጥ ተለቋል። በ1947 ዓ.ም. በአገሩ በሰላም ሞተ። ፍርድ ያላገኘ በደል የሚኖረው በመዝገብና በመታሰቢያ ነውና፣ የየካቲት 12 ትዝታ ለኢትዮጵያውያን የፍትሕ ጥያቄም ጭምር ነው።

ታሪኩን ለማየትና ለመጠበቅ

ድርጊቱ የተፈጸመበት ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ሆኖ ለጎብኚዎች ያገለግላል። በአቅራቢያው ባለው አደባባይ የቆመው የየካቲት 12 ሐውልት የጭፍጨፋውን ሁኔታ በዙሪያው በተቀረጹ ምስሎች ያሳያል። ቤተሰቦች፣ መምህራንና ተማሪዎች ሁለቱን ስፍራዎች በአንድ ጉብኝት ማየት ይችላሉ።

ከሰማዕታቱ መካከል አብዛኞቹ ስማቸው በየቤቱ ብቻ የሚታወቅ ናቸው። በመሆኑም በየቤተሰቡ የሚገኙ የዘመኑ ፎቶግራፎች፣ ደብዳቤዎችና የአባት እናት ማስታወሻዎች ከእርጥበትና ከብል እንዲጠበቁ፣ የአረጋውያን ቃልም በሕይወት ሳሉ እንዲቀረጽና ስማቸው፣ ቀኑና ቦታው አብሮ እንዲጻፍ ይመከራል። ሰነዶቻቸው በመንግሥት ቤተ መዛግብት እንዲቀመጡላቸው ወይም ቅጂ እንዲወሰድላቸው የሚፈልጉ ዜጎች ለተቋሙ በአካል ማመልከት ይችላሉ። የአብርሃና የሞገስ ስም ከሐውልቱ ጋር ይታወሳል፤ በእነዚያ ሦስት ቀናት የወደቁት የሌሎቹ ስም ግን ሊተርፍ የሚችለው የሚያውቋቸው ሲጽፉላቸው ነው።