ለአንድ አበባ የተሰበረ እግር

ሰኔ ማለቂያ ላይ ቦስተን ያለችው ጓሮዬ ማታ ማታ ታውዳለች። ጓሮ አልኩ እንጂ ሁለት ምንጣፍ ቢነጠፍባት የምትሞላ መሬት ናት። እዚያች ላይ ስድስት ሊሊዎች አሉኝ። የአበባ መሸጫ ውስጥ የምታዩት፣ አዳቅለው አዳቅለው ቀለሙን ያበዙት ዓይነት አይደለም። የዱሩ ነው፣ ሰው ሳይነካካው እንደተፈጠረ ያለው። ሊሊየም ሬጋሌ ይባላል፣ ንጉሣዊው ሊሊ ማለት ነው። አበባው እንደ መለከት ረዘም ያለ ነው፤ ውስጡ ነጭ፣ ጉሮሮው ቢጫ፣ ጀርባው ወይን ጠጅ የነካው። ከሥራ ስመለስ ገና በሩን ሳልከፍት ሽታው ይቀበለኛል።

እውነቱን ለመናገር ስተክለው ምንም አላውቅም ነበር። የመጀመሪያው ዓመት የተከልኳቸው በሙሉ መሬት ውስጥ በሰበሱብኝ። ለምን እንደሆነ ስልኬ ላይ ስፈልግ ነው ከአንድ አንካሳ ሰውዬ ጋር የተገናኘሁት።

ኧርነስት ሄንሪ ዊልሰን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1876 እንግሊዝ አገር ቺፒንግ ካምደን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ትምህርቱን በልጅነቱ ትቶ ችግኝ ጣቢያ ገባ። ከዚያ በርሚንግሃም ውስጥ ባለው የዕፅዋት መናፈሻ ተቀጠረ፤ ቀን አፈር ሲቆፍር ይውልና ማታ ስለ ዕፅዋት ይማራል። ቀጥሎ ለንደን፣ ኪው። በ1899 ቪች የሚባል የችግኝ ነጋዴዎች ድርጅት ወደ ቻይና ላከው። ቋንቋውን አያውቅም፤ ሥራው ደግሞ አንድ ዛፍ ማግኘት ነው። አበባው ነጭ መሐረብ የተንጠለጠለበት የሚመስል ዛፍ ነው።

ዛፉን ከዓመታት በፊት ያየው ኦገስቲን ሄንሪ የሚባል ሰው ቦታውን በቁራጭ ወረቀት ላይ ስሎ ሰጠው። ዊልሰን ያንን ወረቀት ይዞ ወራት ተጉዞ ደረሰ። ዛፉ የለም! ቆርጠውታል። ጉቶው አጠገብ አዲስ ቤት ቆሟል፤ የቤቱ እንጨት ያው ዛፉ ነው። እኔ ብሆን የዚያኑ ቀን ወደ አገሬ እመለስ ነበር። እሱ ግን መፈለጉን ቀጠለ፣ ብዙም ሳይቆይ ሌላ ቦታ ላይ በርከት ብለው የቆሙ አገኘ።

ሊሊውን ያየው በ1903 ነው። በሲቹዋን ግዛት፣ ሚን የሚባለው ወንዝ በሚወርድበት ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ። በጋው የሚያቃጥል፣ ክረምቱ የሚቆረጥም፣ ገደሉ ድንጋይ ብቻ የሆነ ቦታ ነው። አበባው ከድንጋይ ስንጥቅና ከደረቅ ሣር መሃል ነው የሚወጣው። እዚህ ላይ ነው የኔ ሊሊዎች ለምን እንደበሰበሱ የገባኝ። እኔ ጥቁር አፈር ላይ ተክዬ በየቀኑ ውኃ አጠጣ ነበር። ድንጋይ የለመደን ነገር አስምጬ ገደልኩት።

ዊልሰንም ቢሆን አልቀናውም። ጥቂት ወደ እንግሊዝ ላከ፣ ደረሰለት። በኋላ ግን ቦስተን ላለው የአርኖልድ አርቦሬተም የዛፎች መናፈሻ መሥራት ጀመረና በ1908 በብዛት ሲልክ አብዛኛው መንገድ ላይ በሰበሰ። (ሥሩ ነጭ ሽንኩርት ነው የሚመስለው፣ ተደራርቦ የተሰካካ። ስለዚህ ከአሁን ወዲያ ሽንኩርቱ እያልኩ ልጥራው።) በ1910 እንደገና ወደዚያው ሸለቆ ሄደ።

መስከረም ነው። ሰዎች በትከሻቸው በሚሸከሙት ወንበር ላይ ተቀምጦ በገደሉ ጥግ በቀጭኑ መንገድ እየወረደ ነው። ከላይ ድንጋይ መውረድ ጀመረ። ከወንበሩ ዘሎ ሮጠ። ወንበሩ ተሰባብሮ ወደ ወንዙ ሲገባ እሱን ደግሞ አንድ ቋጥኝ እግሩ ላይ መታው። አጥንቱ ከጉልበቱ በታች ሁለት ቦታ ተሰበረ። ወጌሻ የለ፣ ሐኪም የለ። ፎቶ የሚያነሳበት ትልቅ ካሜራ ነበረውና የካሜራውን ማቆሚያ ሦስት እግር ፈታትተው እግሩን በእሱ አሰሩለት።

እንደታሰረ መንገዱ ላይ ተጋድሞ ሳለ ከወዲያ በኩል የበቅሎ ጓዝ መጣ፤ ወደ ሃምሳ የሚጠጉ በቅሎዎች። ሰሜን ወይም ላስታ የሄደ ሰው ይህን መንገድ ያውቀዋል፤ መተላለፊያ የለውም፣ መመለሻም የለውም። ድንጋዩ ደግሞ አሁንም እየወረደ ስለሆነ ቆሞ መጠበቅም አይቻልም። ስለዚህ በቅሎዎቹ አንድ በአንድ በላዩ ተራመዱ። አንዷም አልረገጠችውም።

ቼንግዱ ከተማ ለመድረስ ሦስት ቀን ፈጀ። ቁስሉ አመረቀዘ፣ እግሩ ሊቆረጥ ምንም አልቀረው ነበር። ከወራት በኋላ ዳነ፤ ግን አንዱ እግሩ ከሌላው አጠር ብሎ ቀረ፣ ዕድሜ ልኩን አነከሰ። ማነከሱን ራሱ በሊሊው ስም ይጠራው ነበር።

እሱ ተኝቶ ሳለ ሥራው አልቆመም። አስቀድሞ በተስማሙት መሠረት የአካባቢው ሰዎች በጥቅምት ከስድስት እስከ ሰባት ሺህ የሚሆን ሽንኩርት ቆፍረው አወጡ፤ በጭቃ ተለብጦ፣ ከሰል ውስጥ ተቀብሮ ወደ ቦስተን ተጫነ። በዚህኛው ጊዜ በሰላም ደረሰ። ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ጓሮዎች ያለው ንጉሣዊ ሊሊ አብዛኛው የዚያ ጭነት ዘር ነው። የኔም ስድስቱ ሳይሆኑ አይቀሩም።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቁም። ታሪኩን ሲያወሩት የዊልሰን እግር ብቻ ነው የሚወራው። ገደሉን ወጥተው የቆፈሩት፣ እሱን ሦስት ቀን ተሸክመው የሮጡት፣ ሽንኩርቱን አንድ በአንድ ጭቃ የቀቡት ሰዎች ስም አይጠራም። ሰባት ሺህ ሥር ከአንድ ሸለቆ መንቀል ደግሞ ዛሬ ቢሆን የሚያስጠይቅ ነገር ነው። አንዳንዴ አበባው አጠገብ ቁጭ ብዬ ሳሸትት ይሄ ይመጣብኛል። ግን ነቅዬ አልጣልኩትም፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ያደረግኩት ነገር ቢኖር ከዚያ ወዲህ ሽንኩርት መግዛት ማቆሜ ነው። አበባው ሲረግፍ ፍሬ ያስራል፤ ፍሬው ውስጥ እንደ ወረቀት የሳሳ ዘር በብዛት አለ። ዘሩን ብትዘሩት በሁለትና ሦስት ዓመት ያብባል። መታገስ ነው እንጂ ሌላ ጣጣ የለውም።

ጣጣ ካላችሁ ቀይ ጥንዚዛ አለች። እዚሁ ቦስተን አጠገብ ካምብሪጅ ውስጥ በ1992 ታየች፤ ቅጠሉን ትጨርሰዋለች፣ ልጆቿ ደግሞ የገዛ ኩሳቸውን ተሸክመው ነው የሚበሉት። በየጠዋቱ በእጄ እለቅማለሁ። ድመት ያላችሁ ደግሞ ሊሊ የሚባል ነገር ቤታችሁ አታስገቡ። የአበባው ብናኝ እንኳ ኩላሊቷን ይገድላል።

ዊልሰን ከዚያ በኋላ ወደ ጃፓን፣ ኮሪያና ታይዋን ሄደ። በ1925 ስለ ምሥራቅ እስያ ሊሊዎች መጽሐፍ አሳተመ፣ በ1927 የአርኖልድ አርቦሬተም ኃላፊ ሆነ። ጥቅምት 1930 ላይ ከሚስቱ ከኤለን ጋር ልጃቸውን ጠይቀው በመኪና ሲመለሱ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ዉስተር ከተማ አጠገብ መኪናዋ ከመንገድ ወጥታ ገደል ገባች። መንገዱ ላይ የረገፈው እርጥብ ቅጠል ነው ያንሸራተታት ይባላል። ሁለቱም ሞቱ። ዕድሜው 54 ነበር። የተቀበሩት ካናዳ፣ ሞንትሪያል ነው።

በዚያ መንገድ ብዙ ጊዜ ነድቻለሁ። ጥቅምት ላይ ቅጠሉ እውነትም ያዳልጣል። ጓሮዬ ውስጥ የተጨናነቁትን ሽንኩርቶች ነቅዬ የማዛውረውም በዚያው ወር ነው፦ አንድ ስንዝር ጉድጓድ፣ ከሥሩ እፍኝ እፍኝ ጠጠር፣ ከላይ ትንሽ አፈር። ውኃ የማጠጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።