ወጣቱ ምሩቅና እንዶድ
(የዶክተር አክሊሉ ለማ የሕይወት ታሪክ)

የሚኒ ሚዲያ ክበባችን ዛሬ የሚያስተዋውቃችሁ ዶክተር አክሊሉ ለማን ነው። ስማቸውን ያልሰማችሁ ትኖራላችሁ። እንዶድን ግን እናቶቻችን በደንብ ያውቁታል። የእኚህ ሰው ታሪክም የሚጀምረው ከእናቶች ነው።

ዶክተር አክሊሉ በ1935 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ ኢትዮጵያ ተወለዱ። በትምህርታቸው ገፍተው አሜሪካ በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሕብረተሰብ ጤና ተማሩና ዶክተር ሆኑ። ከዚያ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1964 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምሩ ገና 30 ዓመት አልሞላቸውም ነበር።

የመጀመሪያ ሥራቸው ቢልሃርዚያ የሚባለውን በሽታ ማጥናት ነበር። ቢልሃርዚያ እንዴት ይይዛል? የታመመ ሰው ውኃ አጠገብ ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ወንዝ ውስጥ ይገባል። እንቁላሉ ይፈለፈልና ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል። ከዚያ ወጥቶ ውኃው ውስጥ ይዋኛል። እኛ ስንዋኝ ወይም ስንሻገር ቆዳችንን በስቶ ይገባል። ሲገባ አይታይም! ቆይቶ ግን ሆድ ያማል፣ ደም ያስቀምጣል፣ ጉበትም ይጎዳል። የታመመ ልጅ ይደክመዋል፣ ትምህርቱም አይገባውም። ስለዚህ ቀንድ አውጣው ከጠፋ የበሽታው መንገድ ተቆረጠ ማለት ነው።

ወጣቱ ዶክተር ይህንን ሊያጠኑ አድዋ ሄዱ። እዚያም እናቶች ወንዝ ወርደው በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አገኟቸው። የእንዶድ ፍሬ ተወቅጦ ውኃ ሲነካው እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል። ዶክተሩ ውኃውን ልብ ብለው ሲያዩ፣ ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን አይቶ ያልፍ ነበር። እሳቸው ግን ምን አደረጉ መሰላችሁ? በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ለቅመው ዕቃ ውስጥ ጨመሩ። ከዚያ ከሚያጥቡት ሴቶች አንዷን ትንሽ የእንዶድ አረፋ እንድትጨምርበት ጠየቋት። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ!

ነገሩ በዚህ አላበቃም። አዲስ አበባ ተመልሰው በቤተ ሙከራ ደጋግመው ፈተኑት። በ1966 እ.ኤ.አ. በዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ። የእርሻ ባለሙያው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም አብረዋቸው ሠሩ፤ ከብዙ የእንዶድ ዓይነቶች መካከል ኃይለኛውን መርጠው አወጡ። ከ1969 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ እንዶድ በወንዝ ሲሞከር፣ ከ1 እስከ 6 ዓመት ከሆኑ ሕፃናት መካከል በበሽታው የተያዙት ከ100 ወደ 50 ገደማ የነበሩት ወደ 7 ወረዱ። እነዚያ ሕፃናት ሆዳቸውን ሳያማቸው ትምህርት ቤት ገቡ ማለት ነው።

ታዲያ ዓለም ወዲያው አጨበጨበላቸው? አላጨበጨበም። የውጭ ባለሙያዎች በአፍሪካ ቤተ ሙከራ የተገኘውን ውጤት ለመቀበል አመነቱ። በእንዶድ ደኅንነት ላይ ገና ብዙ ምርመራ ይቀራል እየተባለ ብዙ ዓመታት አለፉ። ዶክተር አክሊሉ ግን ተስፋ አልቆረጡም። አፍሪካውያን የራሳቸውን ችግር በራሳቸው ምርምር እንዲፈቱ ደጋግመው ይከራከሩ ነበር። በ1989 እ.ኤ.አ. እሳቸውና ዶክተር ለገሠ ስዊድን አገር የሚሰጠውን ራይት ላይቭሊሁድ የተባለ ትልቅ ሽልማት ተሸለሙ። ከመጀመሪያው ሙከራ እስከዚያ 25 ዓመት ሆኖ ነበር። ዶክተር አክሊሉ በ1997 እ.ኤ.አ. አረፉ። የመሠረቱት ተቋም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው ይጠራል።

የጌጫ ልጆች፣ ከዚህ ታሪክ ምን እንይዛለን? አገራችን ዝናብና ወንዝ የማይጠፋበት፣ ደኑም የበዛ ነው። አያቶቻችን ስለ ቅጠሉ፣ ስለ ሥሩ፣ ስለ ማሩ ብዙ ያውቃሉ። እንጠይቃቸው፣ የነገሩንንም በደብተራችን እንጻፍ። ዶክተሩ ያን ሁሉ ተምረው ልብስ አጣቢ እናትን መጠየቅ አላፈሩም። እኛስ ለምን እናፍራለን?

አንድ ማሳሰቢያ፦ እንዶድ መርዝ አለው፣ ዓሣም ይገድላል። ስለዚህ እንዳትቀምሱት፣ ወንዝ ውስጥም እንዳትጨምሩት! ያ የባለሙያ ሥራ ነው። የእኛ ድርሻ ሽንት ቤት መጠቀም፣ ወንዝ ዳር አለመጸዳዳትና የትል መድኃኒት ሲሰጥ መዋጥ ነው።

ከዩኒቨርሲቲ ተመርቀው ጭቃውን እየረገጡ በየቀበሌው ጤናችንን የሚጠብቁ ወጣቶችንም በዚህ አጋጣሚ እናመሰግናለን። የዶክተር አክሊሉም ሥራ የተጀመረው እንዲሁ ወንዝ ዳር ነበር።