ዐፄ ቴዎድሮስና የነሐሱ መድፍ

ከፉሪ ተነሥቶ አዲስ አበባ የሚገባ ልጅ በቸርችል ጎዳና ቢያልፍ፥ በቴዎድሮስ አደባባይ የአንድ ትልቅ መድፍ ምስል ቆሞ ያያል። እውነተኛው መድፍ ግን በመቅደላ ነው። ያሠሩትም ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው።

ዐፄ ቴዎድሮስ የቋራ ሰው ነበሩ፤ ሳይነግሡ ካሣ ኃይሉ ይባሉ ነበር። በዚያ ጊዜ አገሪቱን መሳፍንት ተከፋፍለዋት ነበርና፥ እነርሱን በየተራ ድል ነሥተው በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ነገሡ። የተለያየውን አንድ ለማድረግ ብርቱ ምኞት ነበራቸው።

በዘመናቸው ክሪሾና ከሚባል የስዊስ ትምህርት ቤት የሚስዮን ሰዎች ወንጌልን ለማስተማር መጡ። የእጅ ሥራም ያውቁ ነበር። ንጉሡ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አስቀመጧቸውና መድፍ እንዲሠሩ አዘዟቸው። ሰዎቹ ይህን ሥራ ስላልተማሩት እጅግ ፈሩ፤ ትእዛዙ ግን አልተመለሰም።

መድፉ የሚሠራው ከነሐስ ነበር። ነሐስም መዳብና ቆርቆሮ በእሳት ቀልጠው የተደባለቁበት ነው። ድብልቅ ሁሉ አንድ ዐይነት አይደለም። ጤፍ ከገለባ ቢደባለቅ ዐይን ይለየዋል፤ ነፋስም ገለባውን ይወስደዋል። ቤት የሚመረግበት ጭቃና ጭድም እንዲሁ ነው። የደፈረሰ የወንዝ ውሃ በእንስራ ቢያድር አፈሩ ይዘቅጣል። ጨው በውሃ ሲሟሟ ግን ዐይን አያየውም፤ ምላስ ብቻ ያውቀዋል፤ ውሃው በፀሐይ ሲደርቅ ጨው ተመልሶ ይገኛል። ነሐስም እንደ ጨው ውሃ ነው፤ በየትም በኩል ቢቆረጥ መልኩ አንድ ነው። ደግሞ የሚያስደንቀው፥ መዳብ ለስላሳ ነው፥ ቆርቆሮም ከእርሱ ይልቅ ይለሰልሳል፤ ሁለቱ ሲዋሐዱ ግን ከሁለቱም የጠነከረ ይወጣል።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ቆርቆሮ በ232 ዲግሪ ሙቀት ሲቀልጥ መዳብ 1085 ዲግሪ ይፈልጋል። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ሰዎቹ እንደ ገና ምድጃ ሠርተው ደከሙ፤ በመጨረሻም ወደ 7 ቶን የሚመዝን መድፍ ወጣ። ስሙም ሴባስቶፖል ተባለ። ወደ መቅደላ ሲጎተት መንገድ እየተጠረገለት ብዙ ወራት ፈጀ፤ ንጉሡም ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር።

ነገር ግን መዳብን ያዋሐደው እሳት ሰውን አላዋሐደም። ዐፄ ቴዎድሮስ ያመፀውን ሁሉ በኀይል ቀጡ፤ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ከአብያተ ክርስቲያናቷ ጋር አቃጠሉ። ሕዝቡም እንደ ገለባ ከእርሳቸው ተለየ፤ ሠራዊታቸው በየቀኑ እየከዳ አነሰ። የውጭ አገር ሰዎችን ስላሰሩም የእንግሊዝ ጦር መጣባቸው። ለጠላት እጃቸውን መስጠት አልወደዱምና በፋሲካ ማግስት፥ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፥ በመቅደላ በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ።

ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ በዚያው አለ። ነሐስ እንደ ብረት በዝገት አይበላምና፥ ከመቶ አምሳ ክረምት በላይ ቢዘንብበትም አልፈረሰም።