የመግልን ምሥጢር የገለጠው ሐኪም

በጦር ሜዳ ከጥይት የተረፈ ወታደር በሆስፒታል አልጋ ላይ ቁስሉ አመርቅዞ የሚሞትበት ዘመን እጅግ ሩቅ አይደለም። በዚያ ዘመን ብዙ ሐኪሞች መግልን ከቁስል ጋር አብሮ የሚመጣ የተፈጥሮ ሥርዓት፣ አልፎ ተርፎም የመዳን ምልክት አድርገው ይቆጥሩት ነበር። ይህን እምነት ከናዱት ሰዎች አንዱ ስኮትላንዳዊው ቀዶ ሐኪም አሌክሳንደር ኦግስተን ነው።

ኦግስተን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1844 ዓ.ም. በአበርዲን ከተማ ተወለደ። በዚያው ከተማ ሕክምና ተምሮ በ1865 ተመረቀ። ጆሴፍ ሊስተር ቁስልንና የሐኪምን እጅ በካርቦሊክ አሲድ ማጽዳት ሞትን እንደሚቀንስ ባስተማረ ጊዜ ኦግስተን ዘዴውን በደስታ ተቀበለ። ሆኖም አሲዱ በቁስል ውስጥ የሚያጠፋው ጠላት ማን እንደሆነ ገና በውል አልታወቀም ነበር።

አንድ ቀን እግሩ ክፉኛ ካበጠ ሕመምተኛ ያወጣውን መግል በማይክሮስኮፕ ሲመረምር፣ ክብ ክብ የሆኑ ረቂቅ ተሕዋስያን ከፊሎቹ እንደ ሰንሰለት ተያይዘው፣ ሌሎቹም በዘለላ ተሰብስበው አየ። ከብሪታንያ የሕክምና ማኅበር 50 ፓውንድ ድጋፍ አግኝቶ በመኖሪያ ቤቱ ጓሮ ቤተ ሙከራ አቋቋመ። ትኩሳት ካለውና ፈጥኖ ከሚያመረቅዝ እብጠት በወሰደው መግል ውስጥ ተሕዋስያኑን ሲያገኝ፣ ትኩሳት በሌለው እብጠት ግን አላገኛቸውም። መግሉን ለአይጦች በመርፌ ሲሰጥ እነርሱም አበጡ፤ መግሉን አስቀድሞ ሲያሞቀው ወይም ካርቦሊክ አሲድ ሲጨምርበት ግን ጉዳት ሳያደርስ ቀረ። ተሕዋስያኑንም በትኩስ የዶሮ እንቁላል ውስጥ አራባቸው።

ውጤቱን በ1880 በርሊን ለተሰበሰቡ ቀዶ ሐኪሞች አቀረበ። በአገሩ ግን የተጠራጠሩት ብዙዎች ነበሩ። በ1882 በዘለላ የሚሰበሰቡትን ስታፊሎኮከስ ብሎ ሰየማቸው። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን የወይን ዘለላንና ፍሬን ያመለክታል። ብጉንጅን፣ የአጥንት መመርቀዝን፣ የሳምባ ምችንና የደም መመረዝን የሚያስከትለው ጠላት በዚህ ሁኔታ ስም አገኘ።

ኦግስተን ከቤተ ሙከራው ወጥቶ የወታደርን ሥቃይ በቅርብ ያየ ሰው ነበር። በ1885 በቀይ ባሕር ዳርቻ በምትገኘው የሱዳን ወደብ በሱዋኪን ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር ነበር። ከዚያም የሠራዊቱ የሕክምና አገልግሎት ጉድለት እንዲታረም በይፋ ተከራከረ። በደቡብ አፍሪካ በተካሄደው የቦር ጦርነትም አገልግሏል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዕድሜው ከሰባ ዓመት ቢያልፍም፣ በሰርቢያና በኢጣሊያ ግንባሮች ቁስለኞችን አክሟል።

ይህ ሐኪም በየካቲት ወር 1929 በ84 ዓመቱ አረፈ። ከመሞቱ ጥቂት ወራት በፊት፣ በመስከረም 1928፣ አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በለንደን ስታፊሎኮከስ ባራባበት ሳህን ላይ የበቀለ ሻጋታ ተሕዋስያኑን ሲያጠፋ ተመልክቶ ነበር። ፔኒሲሊን የተገኘው ከዚህ ነው። ኦግስተን ያወቀውን ጠላት የሚመታው መሣሪያ ለሕሙማን ሲደርስ ግን ለማየት አልታደለም።

ድሉም ፍጹም አልሆነም። ፔኒሲሊን በስፋት በተሠራበት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተሕዋስያኑ መድኃኒቱን መቋቋም ጀመሩ። በ1961 ደግሞ ሜቲሲሊን የተባለውን አዲስ መድኃኒት የሚቋቋም ዝርያ በእንግሊዝ አገር መገኘቱ ተገለጠ። ዛሬም ይህን ዓይነቱን ዝርያ ማከም በብዙ አገሮች ሆስፒታሎች አስቸጋሪ ነው።

ስታፊሎኮከስ የሚኖረው በሩቅ አገር አይደለም። ከሦስት ሰዎች የአንዱ ያህል በአፍንጫው ውስጥ ሳይታመም ይሸከመዋል፤ ቆዳ ሲቆረጥ ወይም ሲላጥ ግን በር ይከፈትለታል። ስለዚህ ቁስልን ከመንካት በፊትና በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ቁስልን በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን፣ ብጉንጅን በጥፍር ከመጭመቅ መታቀብ፣ ሐኪም ያዘዘውንም መድኃኒት በትእዛዙ መሠረት መውሰድ የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ ነው። ኦግስተን መግል ዕጣ ፈንታ አለመሆኑን አሳይቷል፤ በእጅ የሚገባውን ጠላት በእጅ መከላከል ይቻላል።