ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፥ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤና የቤት ማኅበር

የክርስቲያን ጸሎት ሁለት ስፍራ አለው። አንደኛው ታቦት ያለበት፥ ቅዳሴ የሚቀደስበት፥ ሥጋውና ደሙ የሚፈተትበት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ አባትና እናት ከልጆቻቸውና ከጎረቤቶቻቸው ጋራ በስመ ሥላሴ የሚሰበሰቡበት ቤት ነው። በኢየሩሳሌም የነበሩት የመጀመሪያዎቹ ምእመናን ከመቅደስም ሳይለዩ፥ በየቤታቸውም በአንድ ማዕድ ሳይለያዩ እንደ ኖሩ ከሐዋርያት ሥራ እንረዳለን። ሁለቱ ሲስማሙ ሃይማኖት ይጸናል፤ አንዱ ሌላውን ሲውጠው ግን ወይም ጉባኤው ፍቅር ያጣል፥ ወይም ቤቱ ሥርዓት ያጣል። ይህ ነገር በአገራችን እንዴት እንደ ተፈተነ ለማወቅ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን ሕይወት መመልከት እጅግ ይጠቅማል። ንጉሡ የመጨረሻ ዘመናቸውን የፈጸሙት በደብረ ብርሃን፥ ታላቁንም ጉባኤ ያደረጉት በተጉለት ነውና፥ የመንዝ፥ የግሼና የመርሐ ቤቴ ካህናትና ምእመናን ይህን ታሪክ የጎረቤታቸው ታሪክ አድርገው ሊያነቡት ይገባል።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከአባታቸው ከዐፄ ዳዊትና ከእናታቸው ከእግዚእ ክብራ በ1391 ዓ.ም. ገደማ በፈጠጋር ተወለዱ። በልጅነታቸው በመነኮሳት መካከል ተሰውረው መጻሕፍትን እንደ ተማሩ በትውፊት ይነገራል። ከዚያም በኋላ እንደ ሌሎቹ የነገሥታት ልጆች በአምባ ግሸን ተጠብቀው ኖሩ። ወንድሞቻቸውና የወንድሞቻቸው ልጆች በየተራ ነግሠው ካለፉ በኋላ፥ በ1426 ዓ.ም. መኳንንቱ ከአምባው አውርደው አነገሧቸው። ዕድሜያቸው በዚያን ጊዜ ሠላሳ አምስት ዓመት ያህል ነበር። የቤተ መንግሥትን ተድላ ሳያዩ በጸሎትና በንባብ ስላደጉ፥ ዙፋን ላይ ሲቀመጡ በእጃቸው የያዙት የጦር ስልት ብቻ ሳይሆን የሊቃውንትም ትምህርት ነበረ። ጥቂት ዓመታትም ሳይቈዩ ወደ አክሱም ሄደው በጥንቱ ሥርዓት የንግሥ በዓላቸውን ፈጸሙ።

የተረከቡት መንግሥት ሰፊ ነበረ፤ የተረከቡት ሕዝብ ግን በሁለት ነገር ተከፍሎ ነበር። የመጀመሪያው፥ ብዙ ሰው በስም ክርስቲያን ሆኖ በእሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቢመጣም፥ ማታ በቤቱ ደስክ ለሚባለው መንፈስና ለሌሎችም ባዕዳን አማልክት ይሠዋ ነበር። በአደባባይ አንድ፥ በጓዳ ሌላ ሃይማኖት ማለት ነው። ሁለተኛው መከፈል ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የነበረው የሰንበት ክርክር ነው። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቀዳሚት ሰንበት ከእሑድ ጋራ ትከበር ሲሉ፥ ከእስክንድርያ የሚመጡት ጳጳሳት ግን አልተቀበሉም። ስለዚህ ደቂቀ ኤዎስጣቴዎስ ከታላቁ ጉባኤ ተለይተው፥ በየገዳማቸው እየጾሙና እየጸለዩ፥ ከጳጳሱም ክህነት ሳይቀበሉ ኖሩ። በ1396 ዓ.ም. ገደማ ዐፄ ዳዊት በየማኅበራቸው ሰንበታቸውን እንዲያከብሩ ቢፈቅዱላቸውም፥ መለያየቱ ግን አልቀረም።

ይህ ነገር ለእኛ ትልቅ ትምህርት አለው። ያ ማኅበር ትጉህ ነበር፤ በጾምና በመጻሕፍት ሥራም የታወቀ ነበር። ነገር ግን ክህነት ከሌለ ቊርባን የለም፥ ቊርባን ከሌለ ደግሞ ማኅበሩ ምንም ያህል ቢቀደስ የጎደለው ነገር አለ። በሌላው ወገን ያለው ታላቅ ጉባኤም ክህነቱንና ሥልጣኑን ይዞ፥ እነዚያን ትጉሃን ወንድሞች አጥቶ ነበርና እርሱም ጎዶሎ ነበረ። አንዱ ያለ ሌላው ሊሞላ አልቻለም።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ይህን በጥበብ ፈጸሙት። በግብፅ የነበረው የምጥማቅ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን መፍረሱን በሰሙ ጊዜ አዝነው፥ በተጉለት ሌላ ቤተ ክርስቲያን ሠርተው ደብረ ምጥማቅ ብለው ሰይመው ነበር። በ1442 ዓ.ም. በዚያው በደብረ ምጥማቅ ሁለቱን ጳጳሳት አቡነ ሚካኤልንና አቡነ ገብርኤልን፥ የገዳማትን አበምኔቶች፥ ደቂቀ ኤዎስጣቴዎስንም ሰበሰቡ። ክርክሩ ካለቀ በኋላ ቀዳሚት ሰንበትና እሑድ አብረው እንዲከበሩ ጳጳሳቱ ተስማሙ፤ ደቂቀ ኤዎስጣቴዎስም በበኩላቸው ከጳጳሳቱ እጅ ክህነት ለመቀበል ፈቀዱ። ልብ እናድርግ፤ ታላቁ ጉባኤ ትንሹን ማኅበር አላፈረሰውም፥ ትንሹም ማኅበር ከታላቁ ተነጥሎ እንዲቀር አልተወም። እያንዳንዱ ለሌላው የሚያስፈልገውን ሰጠ። ዛሬ የመንዝ ገበሬ ቅዳሜ በሬውን ሳይጠምድ ሲውል የዚያን ጉባኤ ፍሬ በእርሻው ላይ ያሳያል።

ከዚህ በኋላ ንጉሡ ስለ ሕዝቡ ትምህርት ያወጡት ሥርዓት ብዙ ነው። ሕዝቡ በሰንበታትና በበዓላት በቤተ ክርስቲያን እንዲሰበሰብ፥ ካህናትም ዜማውንና ቅዳሴውን ብቻ ፈጽመው እንዳይበተኑ፥ ሃይማኖቱንና ትእዛዛቱን ሕዝቡ በሚሰማው አኳኋን እንዲያስተምሩ አዘዙ። የእመቤታችንን በዓላት ቊጥር ወስነው እንዲከበሩ አደረጉ፤ ተአምረ ማርያምም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ አጸኑ። መጽሐፈ ብርሃን፥ መጽሐፈ ሚላድና ሌሎችም መጻሕፍት በስማቸው ይጠራሉ። ነገር ግን ጉባኤውን ሲያበዙ ቤቱን አልረሱም። እያንዳንዱ ክርስቲያን የንስሐ አባት እንዲኖረው አዘዙ። የንስሐ አባት ማለት በጉባኤ መካከል ካለው ካህን ይልቅ ወደ ቤት የሚገባ፥ የልጆችን ስም የሚያውቅ፥ የታመመውን የሚጠይቅ፥ ባልና ሚስትን የሚያስታርቅ ካህን ነው። የመስቀል ምልክትም በልብስ፥ በጦር መሣሪያና በሞፈር ሳይቀር እንዲደረግ አዘዙ፤ ይኸውም ሃይማኖት ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ወጥቶ እስከ እርሻው እንዲሄድ በማሰብ ነበር።

በ1438 ዓ.ም. በልደት ቀን በጎሚት የአዳልን ሱልጣን በድላይን ድል ካደረጉ በኋላ መንግሥታቸው ጸና። በ1446 ዓ.ም. ገደማም ከሰማይ ብርሃን ታየበት በተባለው ስፍራ ከተማቸውንና ቤተ ክርስቲያንን ሠርተው ደብረ ብርሃን አሉት። የቀድሞ ነገሥታት ከሰፈር ወደ ሰፈር ሲዘዋወሩ ይኖሩ ነበር፤ እርሳቸው ግን በዚያ ብርድ አገር እስከ ዕለተ ሞታቸው ዐሥራ አራት ዓመት ያህል ተቀመጡ።

እውነትን የሚወድ ታሪክ ጸሓፊ ከዚህ ላይ ዝም ብሎ ሊያልፍ አይችልም። ዜና መዋዕላቸው ራሱ የዚያን ዘመን ኀዘን አልደበቀም። ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት ስለ ስግደት በተነሣው ክርክር ከንጉሡ ጋራ ሳይስማሙ ቀርተው፥ ብዙዎቹ በጽኑ ቅጣት ሞቱ፤ በደብረ ብርሃን ታየ የተባለው ብርሃንም እነርሱ በድንጋይ ከተወገሩ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንደ ነበር ተጽፏል። በየቤቱ የሚደረገውን ባዕድ አምልኮ ለማጥፋት በወጣው ዐዋጅም ከሳሾች በዙ። ጎረቤት ጎረቤቱን በቂም ይከስስ ጀመር፤ ከንጉሡ ልጆች እንኳ ወንዶችም ሴቶችም ተከሰው ሞቱ። ከዋነኞቹ ከሳሾች ጥቂቶቹ ሐሰተኞች መሆናቸው በኋላ ታውቆ ራሳቸው ተቀጡ፤ የሞተው ግን አልተመለሰም። ንግሥት ጽዮን ሞገሳም ልጃቸውን በእደ ማርያምን ለማንገሥ አስበዋል ተብለው ተገርፈው በዚያው ምክንያት ዐረፉ። ልጃቸው የእናታቸውን መታሰቢያ በቤተ ክርስቲያን ባደረጉ ጊዜ ንጉሡ ተቈጡ፤ ኋላ ግን በመነኮሳት አማላጅነት አባትና ልጅ ታረቁ።

ስለ ሃይማኖት ቅንዓት የነበራቸው መሆኑን ማንም አይክድም። የደብረ ምጥማቅ መንገድና የደብረ ብርሃን መንገድ ግን አንድ አይደሉም። በደብረ ምጥማቅ ትንሹ ማኅበር ተጠርቶ፥ ተሰምቶ፥ በፍቅር ወደ ጉባኤው ተጨመረ፤ ሰላሙም እስከ ዛሬ ጸንቷል። በደብረ ብርሃን ግን የሰው ጓዳ በሰላይ ዐይን ተጠበቀ፤ ከዚያ የተገኘው ጸሎት ሳይሆን ፍርሃት ነበር። በ1460 ዓ.ም. ንጉሡ በደብረ ብርሃን ሲያርፉ፥ ዐፄ በእደ ማርያም ነግሠው ለእስረኞችና ለተሰደዱት ምሕረት አደረጉ። በዚያን ጊዜ የተወገዙት መነኮሳት ገዳም ጉንዳ ጉንዴም በዘመናት ብዛት ታርቆ ዛሬ ከቤተ ክርስቲያናችን ገዳማት አንዱ ነው። ዱላው ያላመጣውን ጊዜና ትዕግሥት አመጡት። የንጉሡ ዐፅም በጣና ዳጋ እስጢፋኖስ እንደሚገኝ የገዳሙ አባቶች ይናገራሉ።

አሁን ወደ ደጋው አገራችን እንመለስ። የጽዋ ማኅበርን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ መሠረቱ ልንል አይደለም፤ ነገር ግን የበዓላቱ ሥርዓት በየወሩ ባይጸና ኖሮ፥ በ21 የማርያም፥ በ12 የሚካኤል፥ በ23 የጊዮርጊስ ብሎ ቤትን ከቤት የሚያገናኝ ቀጠሮ ባልተገኘ ነበር። መንዝን፥ ግሼንና መርሐ ቤቴን የሚያውቅ ሰው ይህ ማኅበር ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ይረዳል። ቤቱ በየጕብታው ተራርቆ የተሠራ ነው፤ ገደሉ ጥልቅ ነው፤ ክረምት ሲገባ ወንዞቹ፥ ጀማና ወንጪት ይልቁንም፥ ሰውን ከሰው ይቈርጣሉ። ሽማግሌዋ ከዳገት ላይ ካለው ቤተ ክርስቲያን በየሰንበቱ መድረስ አይቻላትም። ማኅበርተኛው ግን በየተራው የገብስ ጠላና ዳቦ አዘጋጅቶ፥ የንስሐ አባቱ ባርከው፥ የተጣላ ታርቆ፥ የቀረ ተጠይቆ፥ ጽዋው ለተረኛው በጸሎት ይሰጣል። ሰንበቴ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ስለሚበላ፥ የቤትን ማዕድ ከመቅደሱ ደጅ ጋራ ያገናኛል። ይህንኑ ሥርዓት ወደ አዲስ አበባና ወደ ባሕር ማዶ የሄዱት ልጆቻችን ይዘውት ሄደዋል፤ በባዕድ አገርም ብዙ አጥቢያ የተጀመረው በአንድ ሰው ቤት በተደረገ ጸሎት ነው።

ነገር ግን ማኅበሩ የሚሳሳትበት መንገድ አለ። የወር ተራውን ሳያጓድል የሚጠጣ፥ ቅዳሴ ግን ከዓመት እስከ ዓመት የማያስቀድስ ሰው ጽዋውን ከቊርባን አስበልጦታል። የጽዋው ጠላ የተባረከ ነው፤ ሥጋ ወደሙ ግን አይደለም። ድግሱ በፉክክር ከበዛ ድኻው ከማኅበሩ ይወጣል፤ ድኻ የወጣበት ማኅበር የማን መታሰቢያ እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባዋል። በቤት ተሰብስቦ ካህኑን ሳይጠይቅ ሃይማኖትን በራሱ የሚተረጕምም፥ ደቂቀ ኤዎስጣቴዎስ ከብዙ ዘመን መከራ በኋላ የተመለሱበትን መለየት በፈቃዱ ይጀምረዋል።

ጉባኤውም የሚሳሳትበት መንገድ አለ። ለጥምቀትና ለንግሥ ሺህ ሰው ሲሰበሰብ እልልታው ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ከሺው ሰው መካከል ማን እንደ ታመመ፥ ማን ልጁን እንደ ቀበረ፥ ማን ንስሐ እንዳልገባ የሚያውቅ ከሌለ፥ ሕዝቡ መጥቶ የተመለሰ ብቻ ነው። ካህኑ ማኅበሩን እንደ ባላንጣ አይቶ ሊቈጣጠረው ወይም ሊያፈርሰው ቢነሣ፥ የደብረ ብርሃንን ስሕተት በትንሹ ይደግመዋል። ችላ ብሎ ቢተወውም ትምህርት የሌለው የመጠጥ ቤት ይሆናል።

እንግዲህ ካህናት ሆይ፥ ማኅበር በተጠራችሁ ጊዜ ባርካችሁ ብቻ አትነሡ፤ ከወንጌልና ከተአምረ ማርያም ጥቂት አንብባችሁ በአማርኛ አስረዱ፥ ለሚቀጥለው ሰንበትም ቤተሰቡን ወደ ቅዳሴ ጥሩ። ምእመናን ሆይ፥ ጽዋችሁን ከመቀበላችሁ በፊት ባለፈው ወር ስንት ጊዜ እንዳስቀደሳችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፤ ከማኅበራችሁ መካከል ቅዳሴ መምጣት ያልቻለ ቢኖር ለንስሐ አባቱ አስታውቁ። የማኅበሩ ሙሴም የተራውን ቀን ብቻ ሳይሆን የአባሉን ነፍስ ይቊጠር። እንዲህ ከሆነ ቤቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርስ መንገድ ይሆናል፥ ቤተ ክርስቲያኑም በየቤቱ ይገኛል።

በደብረ ምጥማቅ የተለያዩትን ያገናኘ አምላክ፥ ጉባኤያችንን ከማኅበራችን፥ ማኅበራችንንም ከጉባኤያችን ሳይለይ በአንድ ሃይማኖት ያጽናን፤ የእመቤታችን አማላጅነት አይለየን። አሜን።