አብርሃም ሊንከንና ፊቷን ያዞረችበት የትውልድ ግዛቱ

በ1860 በተካሄደው የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ አብርሃም ሊንከን ሲያሸንፍ፣ የተወለደባት የኬንታኪ ግዛት የሰጠችው ድምፅ 1,364 ብቻ ነበር። ድምፅ ከሰጠው 146,000 ያህል ሕዝብ ውስጥ ይህ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። የሊንከን ስም ሲነሳ አብዛኞቻችን የምናስታውሰው ጠበቃና ፖለቲከኛ ሆኖ የኖረባትን፣ ኋላም የተቀበረባትን ኢሊኖይን ነው። ዛሬ ግን ፊቷን ካዞረችበት ከኬንታኪ ጋር የነበረውን ትስስር በአጭሩ እንመለከታለን። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሊንከን የተወለደው የካቲት 12 ቀን 1809 በሆጀንቪል አቅራቢያ፣ ከግንድ በተሠራች ባለ አንድ ክፍል ጎጆ ውስጥ ነው። አባቱ ቶማስ ሊንከን ገበሬና አናጺ ነበር። በዚያን ዘመን በኬንታኪ የመሬት ልኬታና ምዝገባ እጅግ የተዘበራረቀ ስለነበር አንዱን መሬት ሁለት ሦስት ሰው የእኔ ነው ይለው ነበር። ቶማስም በዚሁ ክርክር ተንገላቶ በ1816 መገባደጃ ላይ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ኢንዲያና ተሰደደ። አብርሃም ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ሊንከን ኋላ ስለ ሕይወቱ በጻፈው አጭር ማስታወሻ፣ ቤተሰቡ ኬንታኪን የለቀቀው በከፊል በባርነት ምክንያት፣ በዋናነት ግን በመሬት ይዞታ ችግር መሆኑን ገልጿል።

ኬንታኪን ይልቀቅ እንጂ ኬንታኪ አልለቀቀችውም። በ1842 ያገባት ሜሪ ቶድ የሌክሲንግተን ልጅ ስትሆን አባቷ ባሪያ አሳዳሪ ነበሩ። በጥብቅና ሥራ አብረውት የሠሩት ሦስቱም ባልደረቦቹ የኬንታኪ ተወላጆች ናቸው። በፖለቲካ አርአያው ያደረገው ሄንሪ ክሌይ ኬንታኪን የወከለ ዝነኛ ሴናተር ነበር። የልብ ወዳጁ ጆሽዋ ስፒድም በሉዊቪል ከሚገኝ ባለጠጋ ቤተሰብ የተገኘ ነው።

በ1841 ሊንከን በከባድ የመንፈስ ጭንቀት ተይዞ በነበረበት ጊዜ በስፒድ ቤተሰብ እርሻ ለሳምንታት በእንግድነት ሰነበተ። ያን ያህል በፍቅር ያስተናገደው ቤት በርካታ ባሪያዎች የሚሠሩበት ነበር። በመልስ ጉዞው በእንፋሎት መርከብ ላይ 12 ባሪያዎች ስድስት ስድስት ሆነው በሰንሰለት ታስረው ተመለከተ። ከ14 ዓመት በኋላ ለስፒድ በጻፈው ደብዳቤ ያ ትዕይንት ዘወትር እንደሚያሠቃየው አስታውሶታል። ባርነትን ይጠላ እንጂ የባሪያ አሳዳሪዎቹን ቤት፣ ልማድና ፍርሃት ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

ይህ ዕውቀት ጦርነቱ በ1861 ሲፈነዳ ለፈተና ቀረበ። የተገንጣዮቹ መሪ ጄፈርሰን ዴቪስም የኬንታኪ ተወላጅ ሲሆን፣ ሊንከንን የሚበልጠው በስምንት ወር ያህል ብቻ ነበር። ከ225,000 በላይ ባሪያዎች የነበሩባት ኬንታኪ ከሁለቱም ወገን አይደለሁም ብላ ገለልተኝነቷን አወጀች። ሊንከን ጦር ልኮ አላስገደዳትም። ጄኔራል ፍሪሞንት በሚዙሪ የዓመፀኞችን ባሪያዎች ነፃ የሚያወጣ አዋጅ ሲያውጅም፣ ኬንታኪን ያሸፍትብኛል ብሎ ስለሰጋ አዋጁ እንዲለወጥ አዘዘ። በመስከረም ወር ኬንታኪን ቀድሞ የወረረው የተገንጣዮቹ ጦር ስለነበር ግዛቲቱ ለሕብረቱ ወገነች።

የዚህ ትዕግሥት ዋጋ ግን በሌሎች ትከሻ ላይ ወደቀ። በ1863 የታወጀው የነፃነት አዋጅ የሚመለከተው ያመፁትን ግዛቶች ስለነበር የኬንታኪ ባሪያዎች በባርነት ቀሩ። በ1862 ለአሳዳሪዎቹ ካሳ ተከፍሏቸው ባርነት ቀስ በቀስ እንዲቀር ሊንከን ያቀረበውንም ሐሳብ የኬንታኪ ተወካዮች አልተቀበሉትም። በመጨረሻ ነፃነቱን በእጃቸው ያመጡት ባሪያዎቹ ራሳቸው ናቸው። ወደ 24,000 የሚጠጉ ጥቁር የኬንታኪ ሰዎች ለሕብረቱ ጦር ዘመቱ። መጋቢት 1865 ሊንከን የፈረመው ሕግ ደግሞ የእነዚህን ወታደሮች ሚስቶችና ልጆች ነፃ አወጣ።

ጦርነቱ የሊንከንን ቤት ራሱ ለሁለት ከፍሎት ነበር። የሜሪ እህት ባል የሆነው የኬንታኪው ቤን ሄልም ሊንከን የሰጠውን የጦር ሹመት ትቶ ለተገንጣዮቹ ጄኔራል ሆነ፤ በ1863ም በቺካማውጋ ጦርነት ሞተ። ሊንከን ባልቴቲቱን ኤሚሊን በዋይት ሐውስ ተቀብሎ አስተናገደ፤ የጠላት ሚስት አስገባ ተብሎም ተወቀሰ።

በ1864 ምርጫም ኬንታኪ ከመቶ ሰባ ያህል ድምፅዋን ለተቀናቃኙ ለማክሌላን ሰጠች። በየካቲት 1865 ባርነትን የሚሽረውን 13ኛውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሳትቀበል ቀረች፤ ያጸደቀችው በ1976 ነው። ሊንከን በዚያው ዓመት ሚያዝያ ተገደለ።

ከሞቱ በኋላ ግን ኬንታኪ ልጄ ትለው ጀመር። በሆጀንቪል ለመታሰቢያው የተሠራው ሕንፃ በ1911 ተመረቀ፤ ወደ እሱ የሚያወጡት 56 ደረጃዎች የዕድሜው ምሳሌ ናቸው። በዚያው ዓመት በፍራንክፈርት በግዛቲቱ ምክር ቤት ሕንፃ ውስጥ ሐውልቱ ቆመ። በ1936 የጄፈርሰን ዴቪስ ሐውልትም እዚያው ተተከለ፤ ሁለቱ የኬንታኪ ልጆችም ለ84 ዓመታት በአንድ ጣሪያ ሥር ቆዩ።

በእኛ አስተያየት ሊንከን የትውልድ ግዛቱን በድምፅዋ ልክ አልመዘናትም፤ ለመታገሡ የከፈሉት ግን ለመምረጥ እንኳ መብት ያልነበራቸው ናቸው። የዴቪስ ሐውልት ሰኔ 2020 ከሕንፃው ሲወጣ የሊንከን በቦታው ቀረ።