ከአጥር ሽቦ እስከ ኢንተርኔት፦ የክላውድ ሻነን የትምህርትና የሥራ ሕይወት

ከቢቸናና ከሞጣ ወጥተው የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን የያዙ ወጣቶች አንድ ከባድ ጥያቄ ይገጥማቸዋል። የኮምፒውተር ኔትወርክ ትምህርትን እስከ ሁለተኛ ዲግሪ መቀጠል ይሻላል ወይስ የተገኘውን ሥራ መያዝ? ጥያቄው የተማሪው ብቻ አይደለም፤ ጤፍና ሰንጋ ሸጦ ልጁን ያስተማረ አርሶ አደርም ጥያቄ ነው። ለዚህ ምክር የሚሆን አንድ የሕይወት ታሪክ አለ።

ክላውድ ሻነን እ.አ.አ በ1916 በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ተወለዱ። ያደጉት ጌይሎርድ በምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ ነው። እናታቸው መምህርት፣ አባታቸው ነጋዴና ዳኛ ነበሩ። አያታቸው ደግሞ የእርሻ መሣሪያዎችን የሚፈለስፉ ገበሬ ነበሩ። ሻነን በልጅነታቸው እሾኻማውን የአጥር ሽቦ እንደ ቴሌግራፍ መስመር እየተጠቀሙ፣ 800 ሜትር ያህል ርቆ ከሚኖር ጓደኛቸው ጋር መልእክት ይለዋወጡ ነበር።

በ1936 ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪክ ምሕንድስናና በሒሳብ ተመረቁ። በዚያው ጊዜ በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ዓይናቸው ገባ። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ትልቅ የስሌት ማሽን የሚያንቀሳቅስ፣ እየሠራም የሚማር ረዳት ይፈልጋል። ሻነን አመለከቱ፤ ተቀባይነትም አገኙ።

ማሽኑ በሚከፈቱና በሚዘጉ የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያዎች ይታዘዝ ነበር። ነገሩን በመስኖ ቦይ ማስረዳት ይቻላል። በአንድ ቦይ ላይ ሁለት መዝጊያዎች ተከታትለው ካሉ ውኃ የሚያልፈው ሁለቱም ሲከፈቱ ብቻ ነው። ጎን ለጎን በሆኑ ሁለት ቦዮች ላይ ካሉ ግን የአንዱ መከፈት ይበቃል። ሻነን በመጀመሪያ ዲግሪ የተማሩት የጆርጅ ቡል የአመክንዮ ሒሳብ ይህንኑ እንደሚገልጽ አስተዋሉ። በ1937 በ21 ዓመታቸው የጻፉት የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፍ ለዛሬው የኮምፒውተርና የስልክ መሣሪያ ንድፍ መሠረት ሆነ።

የሦስተኛ ዲግሪ ጥናታቸው ደግሞ ብዙዎችን ያስገርማል። በ1940 በሒሳብ ዶክትሬት ያገኙበት ጽሑፍ፣ የዘር ባሕርይ ከትውልድ ወደ ትውልድ እንዴት እንደሚተላለፍ በቀመር የሚያሳይ ነበር። ዘር ለሚመርጥና ከብት ለሚያዳቅል ሰው ባዕድ ያልሆነው ይህ ጥናት በጊዜው ሳይታተም ቀረ፤ ታትሞ የወጣው በ1993 ነው። የሻነን ድካም ሁሉ ወዲያውኑ ፍሬ አላፈራም።

በ1941 ቤል ቤተ ሙከራ ገብተው ሠሩ፤ በ1948 ደግሞ የመረጃ ልውውጥን በሒሳብ የሚተነትን ጥናት አሳተሙ። በገደል ማዶ ያለ ጎረቤቱን የሚጣራ ገበሬ ነፋስ ድምፁን ሲወስድበት ቃሉን እንደሚደጋግም ሁሉ፣ በሽቦና በአየር የሚሄድ መልእክትም ተጨማሪ ምልክት ይፈልጋል። ሻነን ያሳዩት እያንዳንዱ መስመር የመሸከም ልክ እንዳለውና ከልኩ በታች ከተላከ፣ በጥበብ በተጨመሩ ምልክቶች ስሕተትን እጅግ ማሳነስ እንደሚቻል ነው። ዛሬ የእህል ዋጋ በእጅ ስልክ ሲጠየቅ የሚሠራው ይኸው ሕግ ነው።

ሻነን በ1956 ወደ ተማሩበት ተቋም በመምህርነት ተመለሱ። በዚያ የዶክትሬት ተማሪ የነበሩት ሊዮናርድ ክላይንሮክ የእርሳቸውን ፈለግ ተከትለው፣ መልእክቶች በኔትወርክ ውስጥ እንዴት ወረፋ እንደሚይዙ በሒሳብ አጠኑ። የኢንተርኔት መነሻ በሆነው ኔትወርክ የመጀመሪያው መልእክት የተላከው በ1969 ከክላይንሮክ ቤተ ሙከራ ነበር።

ሻነን በስተርጅና የመርሳት ሕመም ያዛቸው። ኢንተርኔት ዓለምን ሲያዳርስ እርሳቸው የራሳቸውን ሥራ ማስታወስ ተስኗቸው ነበር። በ2001 በ84 ዓመታቸው ዐረፉ።

የሻነን ሕይወት ሁሉም ሰው ትምህርቱን ይቀጥል አይልም። ሁለተኛ ዲግሪ ለወረቀቱ ብቻ ከሆነ ለቤተሰብ ዕዳ ነው። ሻነንን የጠቀማቸው እየሠሩ መማራቸውና በእጃቸው የነኩት ማሽን ጥያቄ የፈጠረባቸው መሆኑ ነው። ወደ ባሕር ዳርም ሆነ ወደ አዲስ አበባ ለከፍተኛ ትምህርት የሚሄድ የቢቸናና የሞጣ ልጅ፣ ኔትወርኩ በቀዬው ለምን እንደሚቆራረጥ የሚል ጥያቄ ይዞ ቢሄድ፣ አባቱ የሸጠው ሰንጋ በከንቱ አይቀርም።